እትዬ ድገሙና የጭልፊት እጅ

በማሠልጠኛ ማዕከላችን ውስጥ እሷን በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። ሁላችንም "ድገሙ" ነው የምንላት፤ ፊቷ ስንቆም ደግሞ "እትዬ" ብቻ እንላለን። ስሙ የወጣላት ከገዛ አፏ ነው። ማንም ሰው ወደ ጥገና ክፍሏ እየሮጠ ገብቶ "ይሄ ነገር ተበላሸ" ቢላት፣ ከወንበሯ ሳትነሳ "እስቲ ድገሙልኝ" ትላለች። ብልሽቱ ዓይኗ እያየ እንደገና እስኪፈጠር ድረስ መፍቻ አታነሳም። የማተሚያ ማሽኑ ወረቀት ጎረሰ? ሌላ ወረቀት ይጉረስ። በሩ አልዘጋ አለ? ዝጉትና ልይ። እኔ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፤ ይህ ጠባይዋ ስንቴ ደሜን እንዳፈላው ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የጀመረችው በልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው። በሃያ ዓመቷ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። የፋብሪካው መካኒክ ብዙ ጊዜ ስለሚቀር፣ መኪናዋ ክር መበጠስ ሲጀምር ቁጭ ብላ መጠበቅ ሰለቻትና ራሷ ፈታችው። ፈትታ ስትጨርስ የትኛው ብሎን የት እንደነበር ጠፋባት፤ ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር የምትፈታው ባዶ የእንቁላል ካርቶን አጠገቧ አስቀምጣ ነው። በካርቶኑ ጉድጓዶች ላይ ቁጥር ጽፋለች፤ መጀመሪያ የወጣው ብሎን አንድ ቁጥር ውስጥ ይተኛል፣ ቀጣዩ ሁለት ቁጥር ውስጥ። ከስፌት መኪና ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ስልክ፣ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ስትሸጋገር ካርቶኑም አብሯት ተሸጋግሯል። ዛሬ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። መነጽሯን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ከጋዋኗ የደረት ኪስ ትንሽ ደብተር አይጠፋም። አንድ ነገር ትነካለች፣ ትጽፋለች፣ የሆነውን ታያለች፤ ሁለተኛውን የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ደግሞ ፈታኝ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ታወር ክሬን ላይ ተቀምጬ ብረትና ሲሚንቶ ሳነሳ ኖሬ፣ ጉልበቴ መሰላሉን አልወጣም ሲለኝ ወደ ወረቀት ሥራ ወረድኩ። የምፈትነው በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከእውነተኛ ክሬን የተነቀለ ወንበር አለ፤ በግራና በቀኙ ሁለት እጀታ፣ ከፊቱ ሦስት ትልልቅ ስክሪን። ሲሙሌተር እንለዋለን። ሰውየው ተቀምጦ እጀታውን ሲገፋ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ክሬን ይዞራል፣ ያነሳል፣ ያወርዳል። ቢሳሳት የሚሞት ሰው የለም።

ዋናው ፈተና ጭነት ማረጋጋት ነው። አራት ቶን ብረት በገመድ ተንጠልጥሎ ክሬኑ ሲዞር ብረቱ ይወዛወዛል። ኦፕሬተሩ ውዝዋዜውን ተከትሎ በትክክለኛው ቅጽበት እጀታውን ከነካ ጭነቱ ዝም ይላል። ትንሽ ከዘገየ ግን ይብስበታል፤ በሚቀጥለው ደግሞ ከዚያም ይብሳል። በዚህ ፈተና ባለፉት ስምንት ወራት ውስጥ አምስት ነባር ኦፕሬተሮች ጥዬአለሁ። አራቱ ወደ መጋዘን ተዛውረው ካርቶን ይቆጥራሉ። አምስተኛው ጭልፊት ነበር።

ጭልፊት የተባለው ከስልሳ ሜትር ላይ ሆኖ መሬት የወደቀ ምስማር ያያል ስለሚባል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ክሬን ላይ የኖረ፣ ከእኔ ጋር አንድ ሳይት ላይ ጎን ለጎን የሠራ ሰው። ድርጅቱ ኦፕሬተሮች ሁሉ እንደገና ይፈተኑ ሲል መጣና ከአምስት ወር በፊት ወደቀ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ በውጤት ወረቀቱ ላይ በገዛ እጄ "እጁ ይዘገያል" ብዬ ጻፍኩ። ሲወጣ "ስዕሉ ነው የሚዘገየው" አለኝ። ሰበብ መሰለኝ። ወዳጄ ስለሆነ እንኳን አላዘንኩለትም፤ እንዲያውም ወዳጄ ሰበብ ሲፈልግ በማየቴ ተናደድኩ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ፈተና የተቀጠረው ለአንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። የኦፕሬተሮቹ ስም ዝርዝር ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈ ክሬኑ ላይ ይቀጥላል፤ ከወደቀ ወይም በማንኛውም ምክንያት ካልተፈተነ የቀድሞው ውጤት ይጸናል፤ አምስተኛው ካርቶን ቆጣሪ ይሆናል።

ያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ጭልፊት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቋቸዋል።

"ምነው በጠዋቱ?" አልኩት።

"ቤት መቀመጥ አቃተኝ።"

ሻይ አምጥቼ ብርጭቆውን ስዘረጋለት አልተቀበለኝም። "አስቀምጠው" አለኝ፣ በአገጩ ወደ አግዳሚው ጫፍ እያመለከተ። ግራ ገብቶኝ ሳየው አንገቱን ደፋ።

"ልጄ ወልዳለች አይደል? ሕፃኗ ሦስት ወር ሊሞላት ነው። አንድ ቀን አላቀፍኳትም። አያት አይደለህም ወይ ይሉኛል። ሁልጊዜ ሰበብ አላጣም፣ ጉንፋን ይዞኛል እላለሁ፣ እጄ ቆሽሿል እላለሁ። የሚዘገይ እጅ ይዤ ልጅ ላንሳ? ብጥላትስ?"

ቃሉ የእኔ ነው፤ እኔ የጻፍኩትን ቃል ነው ቤቱ ይዞት የሄደው። ያን ጊዜ ግን አሁንም እውነት ነው ብዬ አምን ነበርና ትከሻውን መታ መታ አድርጌ አለፍኩ።

ሲሙሌተሩ ክፍል ስገባ ድገሙ ከእኔ ቀድማ ገብታለች። የኮምፒውተሩ ሳጥን ሽፋን ተነቅሎ ግድግዳ ተደግፏል፤ የእንቁላል ካርቶኑ ወለሉ ላይ አራት ብሎን አቅፎ ተቀምጧል።

"እትዬ! ዛሬ ፈተና እንዳለ ረሳሽው?"

"ስላልረሳሁ ነው" አለች፣ ቀና ሳትል። "ትናንት ጭልፊት እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እጁን፣ ዓይኑን፣ ነርቩን አስመርምሮ ወረቀቱን አሳየኝ። ምንም የለበትም። እጁ ከጠራ የቀረው ማን ነው? የእኔው ማሽን ነው።"

"በየሰኞው እየፈተሽሽ ትፈርሚ የለ እንዴ?"

"እፈርማለሁ። ጥራውና ይድገምልኝ።"

ጭልፊት ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ባዶውን መንጠቆ አነሳ፣ አዞረ፣ አወረደ። ስዕሉ እንደ ውሃ ይፈስሳል። "አሁን ጭነት አንሳ" አለችው። አራት ቶኑን አነሳና ክሬኑን አዞረ። እኔ እንደ ልማዴ ስክሪኑን አየሁ። ድገሙ ግን ጎኑ ቆማ እጁንና ስክሪኑን እያፈራረቀች ነበር። "ድገምልኝ" አለች። ደገመ። "አንዴ ደግሞ።" ደገመ። ከዚያ ወደ ውጭ ሸኘችውና በሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ጭነት ሲኖር ስዕሉ ይንተባተባል። ጥቂት ነው፣ በዓይን አይያዝም፤ እጁን ካላየህ አታውቀውም። እኔ ስምንት ወር ሙሉ የፈተሽኩት ባዶ መንጠቆ ነው።"

"ለምን ባዶ?"

በጣቷ ወደ በሩ አመለከተች። በሩ ላይ በትልልቅ ፊደል "የኦፕሬተር ፈቃድ የሌለው ሰው ጭነት ማንሳት በጥብቅ የተከለከለ ነው" የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ለእውነተኛው ክሬን የወጣ ደንብ ነው። ሲሙሌተሩ በር ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ደንብ ደንብ ነው ብዬ። እሷ ደግሞ የተጻፈ ነገር የማትጥስ ሴት ናት። ነባሮቹ ኦፕሬተሮች እዚህ ጭነት የሚያነሱት ሲፈተኑ ብቻ ነው፤ ያኔ ስህተቱ ሁሉ የእነሱ ይሆናል። አዳዲሶቹ ልጆች ያልፋሉ፣ ምክንያቱም ፈቃድ ካለው አሠልጣኝ ጋር እዚሁ ማሽን ላይ ተምረው መዘግየቱን ለምደውታል። ነባሮቹ በእውነተኛው ክሬን የተካኑ ናቸውና ይወድቃሉ። እኔ ወረቀት መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ይህን ሁሉ በአንዴ የተረዳሁት ያኔ ነው።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ድገሙ ደብተሯን አወጣች።

ከስምንት ወር በፊት ስዕሉን ለስክሪኑ የሚሠራው አሮጌው ግራፊክስ ካርድ ተቃጥሎ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳም አርጅቶ ስለነበር ሁለቱም በአዲስ ተተክተዋል። አሁን በካርዱ መቆጣጠሪያ ገጽ ላይ አንድ ሴቲንግ "ጠፍቷል" ይላል። ማብሪያው ደብዝዞ ተጽፏል፤ ብትጫነው አይንቀሳቀስም። ምንድን ነው አልኳት።

"ካርዱ የራሱ ትልቅ ማስታወሻ አለው፤ መጋዘን በለው። ኮምፒውተሩ ዕቃ የሚያስገባለት በአንዲት ጠባብ መስኮት ነው፣ በየጥቂቱ። ይሄ ሴቲንግ ሲበራ ትልቁ በር ይከፈትና ሁሉንም በአንዴ ያገኘዋል። አሮጌው ካርድ በመስኮቱ መኖር ለምዶ ነበር። ይሄኛው ግን በሩ ተከፍቶ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ባዶ መንጠቆ ሲሆን መስኮቱ ይበቃዋል። ጭነት፣ ገመድ፣ ጥላ ሲጨመርበት ይታነቃል።"

"ታዲያ አብሪዋ!"

"እምቢ እያለኝ አይደል?"

ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችና ገና ከመነሳቱ በፊት ወደሚታየው ሰማያዊ ገጽ ገባች። ባዮስ ይሉታል፤ የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ የራሱ ሴቲንግ ነው። እዚያም ያው ነገር በሁለት መስመር ተጽፎ አለ፤ ሁለቱም ደብዝዘዋል። ከበላዩ "የድሮ አነሳስ ድጋፍ" የሚል፣ ኮምፒውተሩ በድሮው መንገድ እንዲነሳ የሚያደርግ፣ በርቶ አገኘች። እሱ ሲበራ አዲሱ ሴቲንግ ይቆለፋል። ጻፈች፤ አጠፋችው፤ አስነሳችው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነና በነጭ ፊደል የሚነሳበት ዲስክ እንዳላገኘ ነገረን።

"ገደልሽው!" ብዬ እጄን ወደ ማብሪያው ስሰድ፣ እጄን በመፍቻዋ እጀታ ጠቅ አደረገችኝ።

"አትንካ። አንድ ነገር ብቻ ነው የነካሁት። መልሼ እነካዋለሁ።"

መለሰችው። ኮምፒውተሩ ተነሳ። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መነጽሯን አወለቀችና ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

"የእኔ ሥራ ነው" አለች። "ዲስኩ የአሮጌው ማሽን ነው። የሲሙሌተሩን ፕሮግራም የሸጠልን ድርጅት ተዘግቷል፣ ከጠፋ ሌላ አይገኝም። ስለፈራሁ አዲስ ከመጫን አሮጌውን ዲስክ እንዳለ አንስቼ ከተትኩት። በድሮው ዓይነት የተከፋፈለ ዲስክ ነው። በአዲሱ አነሳስ አይነሳም። እንዲነሳ ብዬ የድሮውን ድጋፍ ያበራሁት እኔው ነኝ።" ደብተሯን ወደ ኋላ ገልጣ አሳየችኝ። ከስምንት ወር በፊት በነበረ ቀን፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ "የድሮ አነሳስ፣ በርቷል" ይላል። ከሥሩ ፊርማዋ።

"መቀየር ይቻላል?"

"ውስጡ ያለው ሳይጠፋ የዲስኩን አከፋፈል የሚቀይር መሣሪያ አለ። ከተሳካ ተሳካ። ካልተሳካ ጭልፊትም አይፈተንም፤ ሲሙሌተርም አይኖረንም።"

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መሣሪያውን አስነሳችው። መጀመሪያ መመርመር ብቻ ነው፣ ምንም አይነካም። በሰከንድ ውስጥ እምቢ አለ። ዲስኩ በአራት ክፍል ተከፋፍሏል፤ መሣሪያው የሚቀበለው ቢበዛ ሦስት ነው። አንዱ መሄድ አለበት። ሦስቱ የታወቁ ናቸው። አራተኛው ስም የለውም።

"ደምስሺው በቃ" አልኩ። ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

"ሳላይ አልደመስስም።"

"እትዬ፣ ስምንት ሰዓት እኮ..."

"ሳላይ አልደመስስም አልኩህ እኮ፣ ወንድሜ!"

ከፈተችው። በየቀኑ የተደረደሩ ፋይሎች ወጡ። የሲሙሌተሩ ፕሮግራም ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያውቅ፣ እያንዳንዱን ፈተና እየመዘገበ ሲያስቀምጥ ኖሯል። እጀታው በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ሰከንድ ተነካ፤ ስዕሉ መቼ ተቀየረ። በቁጥር፣ በቁጥር፣ በቁጥር። ድገሙ ጭልፊት የወደቀበትን ሁለተኛውን ቀን ፈልጋ ቁጥሮቹን ወደ ሠንጠረዥ አስገባችና ሁለት መስመር አሳለችው። ሰማያዊው የጭልፊት እጅ ነው፤ ቀዩ ስዕሉ።

ሰማያዊው ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ልክ በሰዓቱ። ቀዩ ከኋላው ይከተላል። ጭነቱ ሲወዛወዝ ርቀታቸው ይሰፋል። በአንድ ቦታ ላይ ስዕሉ ከእጁ በሦስት አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቷል። አየር ላይ ለተንጠለጠለ አራት ቶን ይህ ብዙ ነው።

ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። "እጁ ይዘገያል" ብዬ የጻፍኩበት ብዕር ኪሴ ውስጥ ነበር።

"ሌሎቹስ?" አልኩ።

"አራቱም እዚህ አሉ" አለች። ፋይሎቹን ሳትገለብጥ ክፍሉን እንደማትደመስስ አልነገረችኝም፤ መንገርም አላስፈለጋት። ፍላሽ ሰካች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር መጎተት ጀመረ፤ የቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይላል።

ስድስት ሰዓት ላይ ኃላፊያችን በሩን በርግዶ ገባ። የተከፈተውን ሳጥን፣ ካርቶኑን፣ እኛን አየ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ድገሙ ቆማ ሁሉንም ነገረችው። የራሷን ጥፋት ከሁሉ ቀድማ ነገረችው፤ እኔ እስክጨምርበት ድረስ ማስታወቂያውን አላነሳችም። ማስታወቂያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

"ከተበላሸብሽስ?" አላት ኃላፊው። "ዛሬ የሚፈተነው አንድ ሰው ነው። ማሽኑ ከሞተ የማዕከሉ ሥራ በሙሉ ይቆማል። ነገ ተረጋግተሽ ብትሠሪው?"

"ነገ ጭልፊት መጋዘን ነው።"

"ለእሱ ደብዳቤ እንጽፍለታለን።"

"አለቃ" አልኩት፣ ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ተሰማኝ፣ "ደብዳቤ ክሬን ላይ አያወጣም። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ዝርዝሩ ከተዘጋ ተዘጋ ነው።"

ወደ ሁለቱ መስመሮች ዞሮ አያቸው። ከዚያ ክራቫቱን ላላ አድርጎ ግድግዳውን ተደገፈ። "ጨርሱት" ብቻ አለ። ከክፍሉ ግን አልወጣም።

ቅጂው ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ አለቀ። ድገሙ ፍላሹን ነቅላ በሌላ ኮምፒውተር ከፍታ የጭልፊትን፣ ከዚያ የአራቱን ፋይል አንድ በአንድ አየች። እኔ ክፍሉ ውስጥ እንደ ታሰረ ሰው እንቆራጠጣለሁ። ተመለሰች። ጻፈች። ስም የለሹን ክፍል ደመሰሰችው። መሣሪያውን እንደገና አስመረመረችው፤ እሺ አለ። አሁን እውነተኛው ለውጥ ቀረ። ጣቷ ከቁልፉ በላይ ቆሞ ትንሽ ቆየ።

"ስምንት ወር" አለች ለራሷ። ተጫነችው።

ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀው። ያቺን ሁለት ደቂቃ ትንፋሼን ይዤ ነው የጠበቅኳት። ተሳክቷል አለ። ወደ ሰማያዊው ገጽ ገብታ የድሮውን አነሳስ አጠፋች፤ አስነሳች። ስክሪኑ ጠቆረ። ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ኃላፊው "በቃ!" ብሎ ግንባሩን ያዘ። አሁንም ጥቁር። ከዚያ ሦስቱም ስክሪኖች አንድ ላይ በሩና የሲሙሌተሩ ገጽ ወጣ።

እልል ልል ስል "ሴቲንጉ ገና ነው" አለች። እውነቷን ነው፤ አሁንም ጠፍቷል ይላል። ተመልሳ ወደ ሰማያዊው ገጽ ገባች። የደበዘዙት ሁለት መስመሮች አሁን ደምቀዋል። ሰባት ሰዓት ከሃያ አምስት ነው። የመጀመሪያውን አበራች፣ ጻፈች፣ ከገጹ ልትወጣ ስትል እጄ ተቁነጠነጠ።

"ሁለቱንም በአንዴ አብሪያቸው እንጂ! ሰዓቱን አታዪም?"

"አንዱ ቢያበላሸውስ? የትኛው ነው ብዬ ልፈልግ?"

ያኔ ብጮህባት ደስ ይለኝ ነበር። አንዱን ብቻ አብርታ አስነሳችው፤ በሰላም መነሳቱን አየች፤ አጠፋች፤ ተመለሰች፤ ሁለተኛውን አበራች። ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ የካርዱ መቆጣጠሪያ ገጽ ተከፈተ። "በርቷል" ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ትንሽ ቃል እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም። ማስታወቂያዬን ከበሩ ላይ ቀድጄ አወረድኩና ወንበሩ ላይ ራሴ ተቀመጥኩ። አራት ቶኑን አንስቼ አዞርኩ። ጭነቱ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ነካሁት፣ ዝም አለ። እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ፤ ኃላፊው እንዳያየኝ ወደ ስክሪኑ አጎነበስኩ።

ጭልፊትን ልጠራው ስነሳ ድገሙ ያዘችኝ። "መጀመሪያ መስመሮቹን አሳየዋለሁ።"

"ከፈተናው በኋላ አሳዪው። አሁን ብታሳዪው ይናደዳል፣ ሆድ ይብሰዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።"

"እጁን አያምነውም። እጁን ሳያምን ከገባ ማሽኑ ቢድንም ይወድቃል።"

ክርክሩን ለኃላፊው ብተወውም እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ወደ እሷ አመለከተ። ጭልፊት ገባ፤ እጆቹ አሁንም ብብቱ ውስጥ ናቸው። ድገሙ ስክሪኑ ፊት አቆመችው።

"ሰማያዊው እጅህ ነው። ቀዩ የእኔ ማሽን ነው። ስምንት ወር ሙሉ ደህና ነው ብዬ የፈረምኩበት ማሽን። ይቅር በለኝ።"

አየ። ጎንበስ ብሎ አየ። አንዱን እጁን ከብብቱ አውጥቶ በጣቱ ሰማያዊውን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው። መስመሩ ሲያልቅ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና ተከተለው። ወደ እኔ ዞረ፤ ስድቡን ጠበቅኩ። መሳደብ ነበረበት።

"ስምንት ሰዓት ሆኗል" አለኝ ብቻ። ሄዶ ተቀመጠ።

ፈተናው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። አነሳ። አዞረ። ንፋስ ጨመርኩበት፣ ደንቡ ያዛል። ብረቱ ወደ ግራ ተወረወረ። እጁ እጀታው ላይ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ እንዲሁ በጣት ጫፍ ብቻ ነካው። ብረቱ መሃል ላይ ቆመ። ሦስት ጊዜ ንፋስ ሰጠሁት፣ ሦስት ጊዜ አስቆመው። ጭነቱን ምልክቱ ላይ ሲያስቀምጠው ድምፅ እንኳን ያሰማ አልመሰለኝም። "አልፏል" ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከዚያ ሁለቱን የድሮ ወረቀቶች ከፋይሉ አውጥቼ "እጁ ይዘገያል" የሚለውን ሰረዝኩና "ስህተቱ የማሽኑና የፈታኙ ነው" ብዬ ጽፌ ከጎኑ ፈረምኩ።

ድገሙ ፍላሹን ለኃላፊው ሰጠችው። "አራቱስ?" አላት ኃላፊው፣ መልሱን እያወቀ።

"ድገሙላቸው" አለች።

ኃላፊው ስልኩን አውጥቶ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ዝርዝሩ እስከሚዘጋ ሦስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ቀርቶ ነበር፤ አንዱ ከመጋዘን እየሮጠ ደርሶ አለፈ፤ ሦስቱ ደግሞ ኃላፊው የማሽኑን መዝገብ ማስረጃ አድርጎ ዝርዝሩን በግድ አስከፍቶላቸው በሚቀጥለው ሳምንት ተፈተኑ። ድገሙ በደብተሯ ላይ የዚያን ቀን የጻፈችውን የመጨረሻ መስመር አሳይታኛለች፤ "ከእንግዲህ በጭነት ይፈተሻል" ይላል።

ጭልፊትን ልፈልገው ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ ቃሉን እየደጋገምኩ ሳዘጋጅ ነው የወጣሁት። አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጠዋት ያስቀመጥኩለት ሻይ ቀዝቅዞ እዚያው አለ፤ በአንድ እጁ ብርጭቆውን ይዞ በሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፏል። አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝና እንድጠብቀው በጣቱ ምልክት ሰጠኝ።

"አይ፣ አሁን" ይል ነበር በስልኩ። "ማታ አይደለም፣ አሁን አምጪያት። አዎ፣ ታጥቤያለሁ። አምጪያት፣ እኔ አቅፋታለሁ።"